ተመስገን ያልኩት ማንን ነው?

በድሬዳዋ ቀን ላይ መብራት መጥፋቱ የሚታወቀው በጆሮ ነው። ቬንትሌተሩ ሦስት አራት ጊዜ በስንፍና ይዞርና ይቆማል፤ ቀጥሎ የጎረቤት ይቆማል፤ ቀጥሎ ሰፈሩ በሙሉ ዝም ይላል። ወሩ ሚያዝያ፣ ሰዓቱም ስምንት ሰዓት ከሆነ ሰው ምንጣፉን ገልብጦ ሲሚንቶው ላይ ይጋደማል። ማንም ከማንም ጋር አይነጋገርም፤ ማውራት ራሱ ያሞቃል። እንዲህ ባለ አንድ ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ከጠበቅን በኋላ መብራቱ ተመለሰና ክንፎቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። እኔም ከተጋደምኩበት ሳልነሣ «ተመስገን» አልኩ። አጠገቤ የተኛችው የዘጠኝ ዓመት ልጄ ዓይኗን ጣሪያው ላይ እንደተከለች፣ «አባዬ፣ ማንን ነው የምታመሰግነው? ቬንትሌተሩን?» አለችኝ።

በሳቅ ልዘጋው ሞከርኩ። እርሷ ግን አልሳቀችም። እናቴ ብትሆን ኖሮ ጥያቄው አንድ እስትንፋስ ያህል አይቆይም ነበር፤ ጣቷን ወደ ላይ ታነሣለች፣ አለቀ። እኔ ቤተ ክርስቲያን የምገኘው ለሠርግ፣ ለክርስትናና ለቀብር ነው። ስለ ላይኛው ቤት አውቃለሁ የምለውን ብጽፍ አንድ መስመር አይሞላም። ቃሉ ግን በቀን አሥር ጊዜ ከአፌ ይወጣል። ሚኒባሱ ከሐረር መልስ የደንገጎን ተራራ ጠመዝማዛ በሰላም ሲወርድ ተመስገን፤ የጥርስ ሕመሙ ሲተወኝ ተመስገን፤ ወር ሲዘጋ ሒሳቡ ሲገጥምልኝ ተመስገን። አድራሻ ሳልጽፍ ስንት ደብዳቤ ልኬ ይሆን?

የምተዳደረው በሒሳብ ሥራ ነው። ሁለት ዓምድ ያለው ነገር አንዱ ዓምዱ ባዶ ሆኖ ሳየው እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ በዚያው ምሽት ቃሎቹን እንደ ደረሰኝ አንድ በአንድ እያነሣሁ አየኋቸው። «እወዳለሁ» ብሎ አንድን ሰው መውደዱን የሚነግር የለም፤ «እወድሃለሁ» ማለት ግድ ነው። «እጠላለሁ» ብቻውን ማንንም አያስቀይምም። «አመሰግናለሁ» ግን ተሳቢውን ሳይዝ ቀኑን ሙሉ ከተማውን ይዞራል፤ ለባጃጅ ነጂው፣ ለባንክ ገንዘብ ከፋይዋ፣ በር ለያዘልን ሰው። «አመሰግንሃለሁ» የምንለው ነገሩ ከበድ ሲል ብቻ ነው። «ተመስገን» ደግሞ ግልባጩ ሆኖ አገኘሁት። ተመስጋኙ «አንተ» ተብሎ ተጠርቷል፤ አመስጋኙ ግን የለም። ማን ያመስግነው? እኔ ልሁን፣ አገሩ ሁሉ ይሁን፣ አልተነገረም። አንደኛው ቃል ተቀባዩን ደብቋል፣ ሌላው ላኪውን።

ሦስተኛው «እግዜር ይስጥልኝ» ነው፤ እርሱ የባሰ ነው። ውሃ ያጠጣችኝን ሴት ዓይን ዓይኗን እያየሁ ዕዳዬን ወደ ሌላ አስተላልፋለሁ፤ እኔ አልችልምና እርሱ ስለ እኔ ይክፈልሽ እላለሁ። በእኛ ሙያ ይህ ዋስ መጥራት ነው፤ ዋሱ ፈቃደኛ መሆኑን የጠየቀው ግን የለም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን «ጀዛከላህ» ሲሉም ነገሩ ያው ነው፤ አላህ ይመንዳህ። በዚህ ከተማ ሁለቱ ሃይማኖቶች በብዙ ነገር ሲለያዩ፣ ክፍያውን ወደ ላይ በማስተላለፍ ግን አንድ ባንክ ይጠቀማሉ። የሚያስቀኝ ደግሞ ለማኝ ሳንቲም ሲቀበል «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፤ ኪሱን መንካት ያልፈለገ መንገደኛም «እግዜር ይስጥህ» ብሎት ያልፋል። የተቀበለውም የከለከለውም በአንድ ስም ይፈርማሉ።

የልጄ ጥያቄ እንዲህ የቆረቆረኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ጠያቂዋ ራሷ የተወለደችበት ሌሊት አለ።

ባለቤቴ ከወለደች በኋላ ደሙ አልቆም አላት። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ደም መፍሰስ በዓለም ላይ እናቶችን በመግደል ቀዳሚው መሆኑን ያኔ አላውቅም ነበር፤ ባለማወቄ ደስ ይለኛል። አዋላጅ ነርሷ ጓንቷን ሳታወልቅ ወጥታ፣ «የደም ዓይነትህ ምንድን ነው?» አለችኝ። ኤ ፖዘቲቭ አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና ሄደች። ባለቤቴ ኦ ፖዘቲቭ ናት፤ ኦ ደግሞ ከኦ በስተቀር አይቀበልም። ለሚስቱ ነፍሱን እሰጣለሁ ብሎ በሠርጉ ቀን የማለ ሰው በዚያች ሰዓት ደሙ ለእርሷ መርዝ መሆኑን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው መጻፍ አልችልም። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ ከላብራቶሪ በኩል ሁለት ከረጢት ደም መጣ።

ከፍሪጅ የወጣ ስለነበር በድሬዳዋ ሙቀት ላዩ ላይ ጤዛ አውጥቶ ነበር። ቀለሙ ወደ ጥቁር የተጠጋ ቀይ ነው። እያንዳንዱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ የደም ዓይነት፣ ረጅም ቁጥር፣ የተቀዳበት ቀን፣ የሚያልፍበት ቀን። ስም የለም። እኔም ከኪሴ የመድኃኒት ቤት ደረሰኝ አውጥቼ በጀርባው የሁለቱንም ቁጥርና ቀን ገለበጥኩ። ለምን እንዳደረግኩት ቢጠይቁኝ መልስ የለኝም፤ ቁጥር ሳይ መጻፍ ልማዴ ነው። ሲነጋጋ ነርሷ ወጥታ፣ «ተርፋለች፤ ልጅህንም ግባና እያት» አለችኝ። «ተመስገን» አልኩ። አያችሁ፣ ያኔም ያው ቃል ነው።

ከሳምንት በኋላ ደረሰኙን ሳገላብጥ ቀኖቹን ቆጠርኩ። አንደኛው ከረጢት የተቀዳው ልጄ ከመወለዷ 11 ቀን በፊት ነበር። ቀኑን አስታወስኩት፤ ደመወዝ የወጣበት ቀን ነው። ከሥራ ወጥቼ በባቡር ጣቢያው በኩል ሳልፍ የደም ልገሳ ድንኳን ተተክሎ አይቻለሁ። ወረቀት የያዘ አንድ ወጣት ተጠግቶ፣ «ወንድሜ፣ ደም ትለግሳለህ?» ብሎኛል። «ቸኩያለሁ» ብየዋለሁ። ቸኩዬ የሄድኩት የማንጎ ጭማቂ ልጠጣ ነው። ከረጢቱ ከዚያ ድንኳን መምጣቱን የሚያረጋግጥልኝ ነገር የለም፤ ታሪኩን ለማሳመር እንደዚያ ሳስብ ራሴን ደጋግሜ ይዤዋለሁ። ሆኖም የሆነ ቦታ፣ በዚያው ቀን፣ አንድ ሰው አልቸኮለም።

ቤታችን በእንግዳ ተሞላ። ገንፎው ይገነፋል፣ ሴቶቹ ከበር ጀምረው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላሉ። እናቴ በእያንዳንዱ ጊዜ «አሜን» ትላለች። እኔም እላለሁ፤ ግን ደረት ኪሴ ውስጥ ያለውን ደረሰኝ በጣቴ እዳብሳለሁ። ማርያም ማረቻት፤ ይሁን። ከረጢቱን የሞላው ሰው ግን ክንድ ነበረው፣ መርፌ ተወግቷል፣ ምናልባትም ወደ ቤቱ ሲሄድ ራሱን አዙሮታል። ይህን ለእናቴ ስነግራት ብዙ አልተጨነቀችም። «እርሱ ሰበብ ነው ልጄ፤ ያደረገው እግዚአብሔር ነው» አለችኝ። ይህ የሰበብ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ያናድደኛል። መልካም ሲያደርግ ሰበብ፣ ሲበድል ግን ሰው ራሱ፤ ሚዛኑ አንድ ወገን ብቻ የተሰበረ ይመስለኛል።

ከእኔ ወገን የቆመችው ሐጂያ ነበረች። ሐጂያ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ናት፤ ተወልዳ ያደገችው ሐረር ጁገል ውስጥ ነው። ለአራሷ ሆጃ በፔርሙዝ ይዛ መጣች። (ሆጃ ለማያውቅ፣ የቡና ቅጠል ወይም ገለባ በወተት የሚፈላ ነው።) በእኛ በድሬዳዋ ትልቅ ሰውንም «አንቺ» ብንል ማንም አይቀየምም፤ «እርስዎ» የምንለው ከሩቅ ለመጣ እንግዳ ነው። እናም፣ «ሐጂያ፣ ደሙን የሰጣትን ሰው አላውቀውም እኮ፤ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት። ፔርሙዙን ከደነች። «ሰውን ያላመሰገነ አላህንም አላመሰገነም። ፈልገው» አለችኝ። በቀን አምስት ጊዜ የምትሰግድ ሴት ወደ ሰው ላከችኝ። ይህን አልጠበቅኩም ነበር።

ፈለግኩት። ደረሰኙን ይዤ ደም ባንክ ሄድኩ። የተቀበለችኝ ባለሙያ ቁጥሩን አየችና ስም እንደማይሰጥ በትሕትና ነገረችኝ። ተከራከርኩ። «ብነግርህ ምን ታደርገዋለህ?» አለችኝ። «አመሰግነዋለሁ» አልኩ። «ከዚያስ?» አለች። ከዚያ ያለውን አላሰብኩበትም ነበር። በግ ልግዛለት? በየበዓሉ ልጥራው? «ወይም ደግሞ» አለች፣ «እርሱ ስምህን ቢያውቅና በወሩ መጥቶ በርህን ቢያንኳኳስ? ‹በእኔ ደም ነው የቆመችው› ቢልህስ?» ዝም አልኩ። ቀጥላ የደም ግፊት መለኪያውን አነሣችና ክንዴን እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ወደ 450 ሚሊ ሊትር ሰጥቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን ቅር ይለኝ ነበር። ከአንድ ሰው የተበደርኩትን ለሌላ ሰው ብሰጥ የአበዳሪዬ ሒሳብ አይዘጋም፤ ይህን የሒሳብ አያያዝ ጀማሪም ያውቀዋል።

ስለ ደም ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። የእኔ ደም ለባለቤቴ ለምን እንደማይሆን ለዓለም ያስረዳው ካርል ላንድስታይነር የተባለ የቪየና ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1901 የሰው ደም በዓይነት በዓይነቱ እንደሚከፈል አሳየ፤ በ1930 ደግሞ ለዚህ ሥራው የኖቤል ሽልማት አገኘ። የልደቱ ቀን፣ ሰኔ 7፣ ዛሬ የዓለም ደም ለጋሾች ቀን ሆኖ ይከበራል። እኔን የያዘኝ ግን ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው ነው። ደም ከሰውነት ሲወጣ ይረጋል። ስለዚህ በዚያ ዘመን ደም የሚሰጠውና የሚቀበለው ሰው ጎን ለጎን መተኛት ነበረባቸው፤ ሐኪሙ የሰጪውን ደም ቅዳ ከተቀባዩ ደም መልስ ጋር ያገናኛል፣ ደሙም ጠርሙስ ሳያይ ይሻገራል። ተቀባዩ ራሱን ካወቀ አንገቱን ዞር ሲያደርግ የሰጪውን ፊት ያያል። «አመሰግንሃለሁ» ለማለት አንድ ክንድ የሚሞላ ርቀት የለም።

እ.ኤ.አ. በ1914 ይህ ተለወጠ። በቤልጅግ አልበርት ሁስቲን፣ በአርጀንቲና ሉዊስ አጎቴ፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ ሶዲየም ሲትሬት የተባለ ጨው የተጨመረበት ደም ሳይረጋ እንደሚቆይ በሰው ላይ አሳዩ። (የአርጀንቲናው ሐኪም ስም በፊደላችን ሲጻፍ «አጎቴ» መሆኑን ሳይ ብቻዬን ሳቅኩ፤ እኔም አንድ አጎት አለኝ፣ እመለስበታለሁ።) ዛሬ ቀይ የደም ሕዋስ እንደተጨመረበት መጠበቂያ ፈሳሽ ዓይነት ከ35 እስከ 42 ቀን ከረጢት ውስጥ ይቆያል። ባለቤቴን ያተረፈው ይህ ነው። ሰጪና ተቀባይን እንዳይተያዩ የለየውም ይኸው ነው፤ አንድ ቁንጥር ጨው። ከዚያ በፊት ደም ሰጥቶ ስሙ ሳይታወቅ መቅረት እምብዛም የሚቻል አልነበረም።

የሒሳቡ ጥያቄ ግን አለቀቀኝም። ጄምስ ሃሪሰን የሚባል አውስትራሊያዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951፣ የ14 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ለትልቅ የደረት ቀዶ ሕክምና የማያውቃቸው ብዙ ሰዎች ደም ተሰጠው። ዕድሜዬ ሲደርስ እኔም እሰጣለሁ አለ። በ1954 ጀመረ፣ በ2018 በ81 ዓመቱ ሐኪሞች በቃህ እስኪሉት ድረስ 1,173 ጊዜ ሰጠ። ፕላዝማው ውስጥ ብዙ ሰው የሌለው መከላከያ ነበረ፤ የእናትና የፅንስ ደም ሳይስማማ ሲቀር ሕፃኑን የሚጠብቅ መድኃኒት ይሠራበታል። ወደ 2.4 ሚሊዮን ሕፃናት በእርሱ ልገሳ እንደተጠበቁ ይነገራል። በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. በ88 ዓመቱ አረፈ። ይህ ሰው መርፌ ይፈራ ነበር፤ ሲገባ ፊቱን ያዞራል። አሁን ሒሳቡን እንየው። በ1951 ደም የሰጡት ሰዎች ከዚህ ሁሉ አንዲት ጠብታ አልደረሳቸውም። በመዝገብ ከሄድን ሰውየው 64 ዓመት ሙሉ ለተሳሳተ ሰው ሲከፍል ኖሯል። እንዲህ ብዬ ስጽፈው ግን የተሳሳተው መዝገቡ ይመስለኛል። የሰጠሁትን ደም ዕዳ ክፍያ ብዬ ማሰብ የተውኩት ስለ እርሱ ካነበብኩ በኋላ ነው። ምን ብዬ እንደምጠራው ገና አላገኘሁም።

ወደ አጎቴ ልመለስ። አባቴ ሲሞት የትምህርት ወጪዬን የቻለው እርሱ ነው፤ ከሰባተኛ ክፍል እስከ ኮሌጅ። ያለ እርሱ ዛሬ የምሠራውን ሥራ አልሠራም። ነገር ግን አጎቴ የሰጠውን አይረሳም ነበር። በየበዓሉ፣ ዶሮው ከመቅረቡ በፊት፣ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ «ይህን ልጅ ማን አስተማረው?» ይላል። ያኔ ተነሥቼ ጉልበቱን እስማለሁ። ዘመድ ያጨበጭባል። ሃያ ስምንት ዓመቴ ሆኖኝ፣ ጢም አውጥቼ፣ ራሴን ችዬ፣ እስማለሁ። አንድ ፋሲካ ሳልነሣ ቀረሁ፤ እስከ ክረምት ድረስ አላናገረኝም። ምስጋናዬ በዓል በመጣ ቁጥር የሚከፈል የቤት ኪራይ ሆነ። ተከራይ አከራዩን ሊወደው ይችላል፤ በኪራይ ቀን ግን አይደለም። የከፈልኩት ወጪት ሰባሪ እንዳልባል ብቻ ነበር፤ እርሱም ደግሞ በሌላ ወገን «እጄ አመድ አፋሽ ነው» እያለ ለሰው ያማርራል። ሁለታችንም እውነት ነበረን ብዬ አስባለሁ። ቃሉ ከአፌ ይወጣል፣ ከአፌ እንደማያልፍ እርሱም ያውቃል።

አጎቴ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሥራ ቦታ አንዲት አዲስ ሠራተኛ ሳለማምድ፣ የብር ኖት በፍጥነት መቁጠር አልሆንላት አለ። አውራ ጣቷን በእርጥብ ስፖንጅ እያስነካች እንድትቆጥር አሳየኋት። እጄን ሳየው የአጎቴ እጅ ነበር። በየመስከረሙ በራችን ላይ ቆሞ፣ አውራ ጣቱን በምላሱ እያረጠበ፣ የትምህርት ቤት ክፍያዬን ሁለት ጊዜ የሚቆጥረው እጅ። ጎደለ እንዳልባል ብሎ ሁለት ጊዜ። ይህ ነገር ድንገት ጉሮሮዬን ያዘኝ፤ ውሃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ። ለዚያ ሰው ያን ያህል ዓመት ስል የኖርኩት «አመሰግናለሁ» ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ሆኖ መጣ፤ ሲመጣም የሚቀበለው የለም።

ይህን የሰማ ሰው «ምስጋና ተቀባይ አያስፈልገውም ማለት ነው፤ እንዲያውም ያለ ተቀባይ ይሻላል» ሊለኝ ይችላል። አንድ ወዳጄ ብሎኛልም። አልተስማማሁም። ተቀባዩ ሳይኖር መምጣቱ እውነት ነው። ግን በዚያች ቅጽበት የፈለግኩት አጎቴን ነው፤ ሌላ ማንንም አይደለም። ያን የምጠላውን ጉልበቱን። ሰማይ ቢቀበልልኝ፣ ለሌላ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ብከፍል፣ ጥሩ ነው፤ ፍላጎቱ ግን አይጠፋም። ምስጋና ሰው ባያገኝም ምስጋና ነው፤ ሰው መፈለጉን ግን አይተውም። የደም ባንኩን በር ያንኳኳሁት ለዚህ ይመስለኛል።

እውነት ይሁን አይሁን በከተማው ውስጥ እየሄድኩ እሞክረዋለሁ። ከዚራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ በቀን ሰባት ሰዓት መሄድ የሚቻለው በዛፎቹ ምክንያት ነው። ኒሙ አለ፤ ሌላው አገር «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚለው፣ ቀይ አበባው መንገዱን የሚያነድደው ዛፍም አለ፤ እርሱ ግን የማዳጋስካር ተወላጅ ነው። አንድ ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ ተክሎታል፣ ከዚህ ፀሐይ እስኪያመልጥ ድረስ ውሃ አጠጥቶታል። የተከለው ሰው ጥላውን አልጠገበውም ይሆናል። ከሥሩ ሳልፍ የሚሰማኝ ነገር ምስጋና ነው፤ ፊቱን ባላውቀውም ፊት እንዳለው አውቃለሁ።

ከተማው ራሱ ግን ሌላ ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር ሊገባ ታስቦ ነበር። ምኒልክ ፈቃዱን የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ተራራው ግን ለሐዲድ እጅግ ውድ ሆነ፤ መስመሩ ከሥር በሜዳው እንዲያልፍ ተወሰነ። በ1902 ሐዲዱ እዚህ ሲደርስ ጣቢያው የቆመበት ቦታ አዲስ ሐረር ተባለ፤ ዛሬ ድሬዳዋ የምንለው ነው። እንግዲህ እኔ እዚህ የተወለድኩት፣ ባለቤቴን እዚህ ያገኘሁት፣ ደንገጎ ዳገት ስለሆነ ነው። ስለዚህ ደስ ይለኛል። ግን ለዳገቱ ምስጋና ይሰማኝ እንደሆነ ራሴን ስጠይቅ ምንም አላገኝም፤ ደስታው ብቻ አለ፣ የሚሄድበት የለውም፣ አይፈልግምም።

ለሐጂያ ይህን ስነግራት የሐረርን ጅቦች አነሣችብኝ። በአሹራ ዕለት ቅቤ ያለው ገንፎ ተሠርቶ ለጅብ ይቀርባል፤ ጅቦቹ ደህና አድርገው ከበሉ ዓመቱ ጥሩ ይሆናል ይባላል። ነገሩ የሚነሣው በጥንት ረኃብ ዘመን ጅብ ሰው ሲያስቸግር ገንፎ ተሰጥቶት ሰላም ወረደ ከሚል ትውፊት ነው። «ታዲያ ይህ ምስጋና ነው ወይስ ጉቦ?» አልኳት። «ውል ነው» አለችኝ ሳታቅማማ። ጅቡስ መመስገኑን ያውቃል? «ገንፎውን ያውቃል» አለች።

ለልጄ መልስ የሰጠኋት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። መብራት በዚያ ሙቀት ራሱ ተነሥቶ እንደማይመጣ ነገርኳት፤ አንድ ሰው መሰላል ይዞ፣ ምሰሶ ላይ ወጥቶ፣ የጋለ ብረት ነክቶ ነው የመለሰው። «ስሙ ማን ነው?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። «ታዲያ ‹ተመስገን› ስትለው አልሰማህም እኮ» አለች። አልሰማኝም። ከዚያ ስለ ሁለቱ ከረጢቶች ነገርኳት፤ ደረሰኙንም አሳየኋት። ቀለሙ ገርጥቶ ከቁጥሩ የመጨረሻው ሁለት አኃዝ አይነበብም። እርሷ ግን ወደ ፊቱ ገልብጣ የመድኃኒቱን ዋጋ አነበበችና፣ «ርካሽ ነበር» አለች።

ባለፈው ወር ድንኳኑ እንደገና ባቡር ጣቢያው አካባቢ ተተከለ። አሥራ ዘጠነኛ ልገሳዬ ነው። አጠገቤ ባለው አልጋ ላይ ስልሳን የተጠጋ፣ ሽርጥ የለበሰ ሰው ተኝቷል፤ ከእኔ ቀድሞ ጨርሶ ቁጭ አለ። ካርዱ ጭኑ ላይ ስለነበር ዓይኔ ገባበት፤ ኦ ፖዘቲቭ። ኦ ፖዘቲቭ በእኛ አገር እንደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ነው፤ ምንም ማለት አይደለም። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሰጠው?» አልኩት። «እኔ እንጃ፤ ቆየሁ» አለኝ። ሁልጊዜ እዚህ ድንኳን ነው ወይ ብዬ ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ተውኩት። በምትኩ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት፤ ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ።

ዞር ብሎ አየኝ። «ለምኑ?» አለኝ።

ጥጡን እንደያዘ አንድ ክንዱ ታጥፏል፤ በሌላው እጁ የተሰጠውን ብስኩት ይዞ ማሸጊያውን በጥርሱ ሊቀድድ ይታገላል። ተቀበልኩትና ቀደድኩለት።